ያለሱም ይሄዳል

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሮማነወርቅ፣

እንደምን ከረምሽ እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ክረምቱ ሲወጣ ይሻለኛል ብለሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትደገፊያለሽ? ጋሼ ሀይለገብርኤልስ ስኳሩ ወረደለት? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ፤ ሲሻለው እየተወው ሲብስበት እናንተን አያስጨንቅ። ልጅሽ ዘላለም አዲሱን ሥራ ወደደው? የስፌት መኪናሽ ቺንጋስ ተቀየረላት? እኔ እንዳለሁ አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ፌርፋክስ ላይ ካለው የሐበሻ ገበያ ቤት የጤፍ ዱቄት ከረጢት ከመኪና አወርዳለሁ። ወገቤ እስካሁን አልከዳኝም። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብልሽ ግን ውሸት ይሆናል፤ አንቺ ደግሞ ውሸቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ከዓይኔ ላይ ታነቢዋለሽ። ደግነቱ አሁን ዓይኔን አታዪም።

ብርሃነመስቀል ሲመጣ በእጁ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የአማቼ የፍሬአብ እናት እትዬ ዓይናለም ልጄ ላጠፋው ጥፋት እግራችሁ ላይ ልውደቅ ብላ ሁለት ጊዜ ደጅሽ ድረስ እንደመጣች፣ አንቺም ለእኔና ለልጄ ተቆርቁረሽ በሩን እንዳልከፈትሽላት ጽፈሽልኛል። አሁን ደግሞ ለገና ማግስት ሽማግሌ ይዛ እንደምትመጣ አስነግራለች አልሽ። ልክፈትላት ወይስ እንደበፊቱ ልተዋት ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ ልመልስልሽ ብል ቫይበሩ ያለው በልጄ በልዕልት ስልክ ላይ ነው፤ ስናወራ አጠገቤ ትቀመጣለች። የምነግርሽን ነገር ልጄ አጠገቤ ሆና መናገር አልችልም። ስለዚህ ከስንት ዓመት በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝኩ። ጽሕፈቴ ካስቸገረሽ ዘላለም እንዳያነብልሽ፤ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ ታገዪው።

የልዕልትን ባል ፍሬአብን አንቺ በፎቶ ብቻ ነው የምታውቂው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ወዲህ መጥቶ እዚሁ ያደገ፣ በርባንክ በሚባል ከተማ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ እሑድ እሑድ የማይቀር ጴንጤ ነው። ልዕልት ላግባው ስትል ሃይማኖቱን ምክንያት አድርጌ አኩርፌ ነበር። እውነቱን ልንገርሽና ያበሸቀኝ ሃይማኖቱ አልነበረም። ገና በመጀመሪያው ቀን አንተ አለኝ። ጋሼ ይለኛል፣ ወንበር ይለቅልኛል፣ ሳህኔን ያነሳልኛል፣ ከዚያ ዞር ብሎ አንተ ይለኛል። እዚህ ያደጉት ሁሉ እንደዚያ ናቸው ብላ ልዕልት ስታስረዳኝ ገብቶኛል አልኳት። አልገባኝም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጋራዥ ውስጥ ሹፌሩም ባለሀብቱም ኢንስፔክተሩም እርስዎ ሲለኝ ኖሬ፣ የሰው ቤት ውስጥ ተቀምጬ የአማቼ እኩያ ሆንኩ።

ይህ ልጅ አንድ አሮጌ ሆንዳ ገዝቶ ከአፓርታማው ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሞተሯን በታተነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ እዚያ ነው። ቱርቦ ሳይኖራት ለተሠራች መኪና፣ ወደ ሞተር አየር እየነፋ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ እገጥማለሁ አለ። አስተማሪው የኮምፒውተር ቪዲዮ ነው። ብሎን ሲያጠብቅ የተቀቀለ እንቁላል የሚልጥ ይመስላል። መጀመሪያ መጀመሪያ በሰገነቱ ላይ ቆሜ እያየሁ እስቅበት ነበር። በኋላ ሳቄ ቆመ፤ ሥራው መልክ እየያዘ መጣ።

አንድ እሑድ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ አራት ጓደኞቹ ሞተሩን ከበው ቆመው ሳለ እኔም ወረድኩ። የፍሬኑን ቫክዩም ፓምፕ የት ላይ ነው የምትገጥመው ብዬ ጠየቅኩት። አንቺ የመካኒክ እህት ስለሆንሽ ይገባሻል፤ እኔ ዕድሜዬን በፈጀሁበት በናፍጣ መኪና ፍሬኑን የሚያግዝ፣ ዲናሞው ላይ ተለጥፎ አየር ሲስብ የሚውል የራሱ ፓምፕ አለ። ፍሬአብ ሳቀ። ጋሼ፣ ይሄ እኮ ናፍጣ አይደለም፣ ቤንዚን ነው፤ ሶ ፓምፕ ምናምን የለም፣ ቫክዩሙን ከሞተሩ ከራሱ ነው የምንወስደው፣ ኦኬ አለኝ። ከዚያም ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ሊያስተምረኝ ጀመረ። ጓደኞቹም ሳቁ። መዝሙር የሚባለው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ጋሼ አንተ ሪታየር አድርገሃል፣ ሪላክስ አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያችን ሳቅ ስድስት ወር በሆዴ ይዤ ዞርኩ።

በሐምሌ ወር ሥራው አለቀ። ረቡዕ ማታ እራት ላይ ፍሬአብ እጁን ታጥቦ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ጋሼ አንተ ቼክ ሳታደርግልኝ ድራይቭ አላደርጋትም፣ ቱቦዎቹን በተለይ እይልኝ አለኝ። ልብ አድርጊልኝ እትዬ፣ በአክብሮት ነው የለመነኝ። ልጁ ክፉ አይደለም። ይህን ስጽፍ ክፉ ቢሆን ኖሮ ብዬ እመኛለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ሥራ ሲሄዱ ኮፈኗን ከፈትኩ። ከዚያ ሞተር ላይ የሚወጡት ቀጫጭን ቱቦዎች ብዛት እንደ ተዘረገፈ አንጀት ነው። አንዱ ቱርቦው ከመጠን በላይ እንዳይነፋ ወደሚቆጣጠረው ይሄዳል፣ አንዱ የቤንዚኑን ግፊት ወደሚያስተካክለው፣ አንዱ አየር ወደሚተነፍሰው፣ ወፍራሙ ደግሞ የፍሬን መርገጫውን ወደሚያቀለው ወደ ፍሬኑ ሰርቮ። እያንዳንዱ በልኩ ተቆርጧል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ቱቦ በሚያጠብቅ ቀለበት፣ በፋሸታ፣ ታስሯል። እያንዳንዱ ላይ የት እንደሚሄድ በነጭ ፕላስተር ተጽፏል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥፋት ፈለግኩ። ፋሸታ እየነካካሁ፣ ቱቦ እያጎበጥኩ፣ ከስር እየተጋደምኩ ፈለግኩ። አንድም ጥፋት አላገኘሁበትም። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው። ያን ጊዜ ንዴቴ ባሰ። ጥፋት ባገኝበት ኖሮ ነግሬው፣ አስተካክሎት፣ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ መሐል ላይ አውራ ጣት የምታክል፣ ግማሿ ጥቁር ግማሿ ነጭ የሆነች የፕላስቲክ ቫልቭ ነበረች። ነቅዬ ነፋሁባት፤ በአንድ በኩል ታሳልፋለች፣ በሌላው በኩል ትዘጋለች። አወቅኳት። በእኛም መኪና አለች፤ ሞተር ቢጠፋ ፍሬኑ ውስጥ የቀረው ቫክዩም እንዳያመልጥ ትይዘዋለች። እኔና ባልደረቦቼ ይህችን ዕቃ ስንት ጊዜ እያወጣን እንደጣልን አልቆጥርልሽም። ስትደፈን ምትክ ስለማይገኝ ቱቦውን በቀጥታ እንቀጥልና ሹፌሩን ያለሱም ይሄዳል ብለን እንሸኘዋለን። ቴርሞስታቱንም እንዲሁ፣ ማጣሪያውንም እንዲሁ። ያለሱም ይሄዳል የእኛ ጋራዥ ጸሎት ነበር። ይሄድም ነበር።

ያሰብኩት ይህን ነው። ቫልቯን አወጣለሁ፤ መኪናዋ ሁለት ሦስት ቀን ያለ እሷ ትሄዳለች፤ በሚመጣው እሑድ እነ መዝሙር ተሰብስበው ሲያደንቁ ቫልቯን ከኪሴ አውጥቼ ኮፈኗ ላይ አስቀምጥና፣ ቪዲዮው ግድ ይላል ያለህ ዕቃ ይኸው፣ ያለሱም ይሄዳል እላለሁ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ከትርፉ ቱቦ በልኩ ቆርጬ አንድ ወጥ አድርጌ ገጠምኩ። በራሱ ፋሸታዎች አሰርኩት። እስከ እሑድ እንዳያውቅብኝ ብዬ ደግሞ እሱ በእጁ የጻፈባትን ነጭ ፕላስተር ልጬ አዲሱ ቱቦ ላይ መልሼ ለጠፍኳት። ማታ ሲጠይቀኝ ጥሩ ነው አልኩት። ፊቱ በራ፤ ጉንጬን ሳመኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጊዜ ሠፈሩን ዞረባት። በቀስታ ስለነዳ ምንም አልሆነም። ገና ሳይወርድ ልዕልት የራሷ መኪና አልነሳ ብሏት እየሮጠች መጣች። ሥራዋ ፓሳዴና ሆስፒታል ውስጥ ደም መቅዳት ነው፤ ሰዓቷ ደርሷል። ፍሬአብ በይ ይቺን ውሰጂ ብሎ ቁልፉን ሰጣት። ሴፍ ናት ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ጋሼ ቼክ አድርጎልኛል አላትና ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሰገነቱ ላይ ቆሜያለሁ። እሷም ቀና ብላ አየችኝ። ቫልቯ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ናት፤ በጣቴ እያሻሸኋት ነበር። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። ጥሩምባ ነፍታልኝ ሄደች። ያን ደቂቃ ምን ተሰማህ ብትይኝ፣ የመጀመሪያውን ረጅም መንገድ እሱ ሳይሆን እሷ መንዳቷ ትንሽ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ለእሷ ፈርቼ አልነበረም።

የማላውቀው ነገር ይህ ነበር። በናፍጣው መኪና ፓምፑ ሁልጊዜ ይስባል እንጂ አይነፋም። በዚህች ሞተር ግን ያው የሚስበው አፍ፣ ነዳጅ ተረግጦ ቱርቦው ሲነሳ መልሶ ይነፋል። ቫልቯ የተቀመጠችው ያ ንፋስ ወደ ፍሬኑ እንዳይገባ ነው። ልዕልት ወደ ትልቁ መንገድ ስትገባ ረገጠችው፤ ንፋሱ ሄዶ ቱቦውን ከሰርቮው አፍ ነቀለው። የፓሳዴናው መንገድ አሮጌ ነው፤ መውጫዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ገና እንደወጣሽ ማቆም አለብሽ። ፍሬኑን ስትረግጥ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነባት። በሁለት እግሯ ቆመችበት አለች። ሞተሩ ደግሞ በተነቀለው ቱቦ አየር እየገባለት በራሱ ይጮሃል። የሲሚንቶው ግድግዳ ላይ ነው የቆመችው።

ነፍሷ ተርፋለች፤ ይህን በስልክም ነግረንሽ አልቅሰሽ አመስግነሻል። ያልነገርንሽ ቀኝ እጇን ነው። አንጓዋ ሦስት ቦታ ተሰብሮ በብረት ተያይዟል። አውራ ጣቷና ጠቋሚ ጣቷ አይገናኙም። ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይመለስም ብሏታል። እንደ ክር የቀጠነ ደም ሥር በጣቷ ዳብሳ አግኝታ ሕፃን ሳታስለቅስ መርፌ የምታስገባ ልጅ ነበረች። አሁን የሸሚዝህን ቁልፍ ልቆልፍልህ ብላ ትሞክርና ትታው ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ።

ፍሬአብ የተሰባበረችውን መኪና ካስቀመጡበት ሄዶ ኮፈኗን ከፈተ። ቱቦው ወጥ ነው፣ ቫልቭ የለውም፣ ላዩ ላይ የራሱ የእጅ ጽሕፈት አለ። ሲመለስ ፊቱ የሬሳ ነበር።

ሚድ ዊልሻየር በሚባለው ሠፈር፣ ጋሼ ኅሩይ ቤት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጋሼ ኅሩይ በእኛ በኩል፣ ሁለት ሰዎች ከፍሬአብ ቤተክርስቲያን። እኔ የልጅቷ አባት ስለሆንኩ መሐል ላይ ትልቁን ወንበር ሰጡኝ። ፍሬአብ ነገሩ እንዴት እንደሆነ አስረዳ፤ ስለሚስበውና ስለሚነፋው አፍ ያወቅኩት ያን ዕለት፣ ከእሱ አፍ ነው። ከዚያ ቫልቯን በእጄ እንደገጠምኳት አሁንም ይታየኛል፣ ግን የለችም፣ ጽሕፈቱ የእኔ ነው፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም አለና ተንበርክኮ ጉልበቴን ያዘ። ልዕልት ሁለት ጊዜ ጠይቄው ሴፍ ናት አለኝ ብላ ፊቷን አዞረች። አንደኛው ሽማግሌ፣ እርስዎ አይተውት ነበር አይደል፣ ቫልቯን አላስተዋሉም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን ያልኩ ይመስልሻል? እኔ የናፍጣ ሰው ነኝ፣ የዚህን ዓይነት አላውቅም፣ እሱም ይህንኑ ሲነግረኝ ኖሯል አልኩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ከዚያ እግሬ ስር የተንበረከከውን ልጅ አየሁና ዕቃ ረስተህ መኪናውን ለሰው ልጅ ትሰጣለህ ወይ አልኩት። አንገቱን ደፋ። ከቤት ይውጣ የሚለውን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አሁን በርባንክ ጓደኛው ዘንድ ነው። በየእሑዱ ለእኔ ይደውላል፤ ልዕልት ስለማታነሳለት ስለ እጇ የሚጠይቀው እኔን ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ ሐሙስ ዕለት ሲያዩ ቫልቯ አልነበረችም? እርግጠኛ ነዎት? እያለ። አላየሁም፣ ረስተሃት ይሆናል እለዋለሁ። እሺ ይላል። ባለፈው ሳምንት አእምሮዬን አላምነውም፣ በሥራም ላይ የዘጋሁትን አራት ጊዜ እየተመለስኩ አያለሁ አለኝ። የመፍቻና የካቻቢቴ ሣጥኑን ሙሉውን አምጥቶ ደጃፍ ላይ አስቀምጦልኛል፤ ከእንግዲህ እጄ ብረት አይነካም፣ ለእርስዎ ይሁን አለ። ተቀበልኩት። አስተዋልሽ እትዬ? እርስዎ ይለኛል። ከአደጋው ወዲህ አንድ ቀን አንተ ብሎኝ አያውቅም።

ልዕልት የፍቺውን ወረቀት በጥር ታስገባለች። አንድ ቃል ብናገር ይቆማል። ለምን አትናገርም ትይኛለሽ። የማድረው በእሷ ቤት ነው፣ የምበላው በግራ እጇ የሠራችውን ነው፤ ብናገር የት እሄዳለሁ? ፈራሁ። ግን ይህ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ንስሐ አባቴም አልሰሙትም፤ እሑድ ስልኩ ሲጠራ፣ እርስዎ ብሎ ሲያናግረኝ፣ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ደስ ይለዋል። ራሴን የምጸየፈው በዚህ ነው፤ ደስታው ግን አልቆመም።

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሴ ይኸው። እትዬ ዓይናለም ስትመጣ በሩን ክፈችላት። ሽማግሌዎቹን አስቀምጪ። ልትንበረከክ ስትል ጉልበቷ መሬት ሳይነካ አንሺያት፤ ጉልበትሽ እንኳ ቢያምሽ ቶሎ ጎንበስ ብለሽ አንሺያት። ለምን እንዳነሳሻት ግን አትንገሪያት። ሄዳ ለልጇ ብትነግረው እኔ አልቄያለሁ። ይህን ሸክም በሰባ ዓመትሽ ስላሸከምኩሽ ትረግሚኝ ይሆናል፤ እርገሚኝ። ብቻዬን አልቻልኩም፤ ከአንቺ ሌላ ደግሞ ከነነውሬ የሚያውቀኝ የለም።

ለጋሼ ሀይለገብርኤል ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ። ዘላለምን ሳሚልኝ፤ ባለቤቱንም እርግዝናዋ እንዴት ሆነ በያት። ታችኛው ቤት ላሉት ለእነ ውብነሽ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የእናታችን መቃብር ላይ ስትሄጂ በእኔም ስም ቁሚልኝ፤ ምንም አትበያት።

ቫልቯን ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬልሻለሁ። እዚህ የምደብቅበት አጣሁ፤ መጣልም አልቻልኩም። ከጥቁሩ በኩል ብትነፊባት ታሳልፋለች፣ ከነጩ በኩል ትዘጋለች። ደህና ናት፤ አልተበላሸችም።

ፖስታው ላይ ያለው የተንጋደደ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት የልዕልት ነው። እኔ የጋሼ ሀይለገብርኤልን የፖስታ ሣጥን አድራሻ በፈረንጅ ፊደል መጻፍ ስለማልችል አስቀድሜ እሷን አስጻፍኳት፤ በግራ እጇ ነው የጻፈችው። ቫልቯን ከትቻት ስለነበር ስትጽፍ ከስር ጎረበጣት። አባዬ ምንድን ናት አለችኝ። የአክስትሽ የስፌት መኪና ዕቃ ናት አልኳት። በማይታጠፉት ጣቶቿ ወደ ጥግ ገፋ አድርጋት፣ ቀስ ብላ ጽፋ ጨረሰችልኝ።

ወንድምሽ እንዳሻው
ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ኅዳር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.